የዞን ካርታው ለደብረ ብርሃን አየር ይሣል

ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። ቢራው፣ ብርድ ልብሱ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በየመንገዱ ዳር የተሠራው ሼድ፣ ሁሉም ሥራ ይዟል። ደስ ይላል። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ስለ አንድ ወረቀት ነው። የዞን ካርታ ይባላል፤ የፋብሪካው የትኛው ቦታ ምን ያህል የጋዝ ፍንዳታ እንደሚያሰጋው ለይቶ የሚያሳይ ነው። ተቀጣጣይ ጋዝ ወይም እንፋሎት ያለበት ፋብሪካ ሁሉ ሊኖረው ይገባል። ባየኋቸው ቦታዎች ወረቀቱ ከማሽኑ ጋር ከውጭ ይመጣል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ በቃ። "ተሟልቷል" ይባላል። አልተሟላም።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዞን 0 የሚባለው ሊፈነዳ የሚችል የጋዝና የአየር ድብልቅ ሁልጊዜ ወይም ለረጅም ሰዓት የሚኖርበት ቦታ ነው። የቤንዚን ታንክ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ያለው ባዶ ቦታ እንደዚያ ነው። ዞን 1 ሥራው በደንቡ እየሄደም ድብልቁ አልፎ አልፎ ሊፈጠር የሚችልበት ነው። ዞን 2 ደግሞ በደህናው ቀን የማይጠበቅበት፣ ጋስኬት ሲበላ ወይም ቧንቧ ሲያፈስ ብቻ ለአጭር ጊዜ የሚመጣበት ነው። የት ቦታ ምን ዓይነት አምፖል፣ ሞተርና ብሬከር እንደሚገባ የሚወሰነው በዚህ ነው። አከፋፈሉን የሚደነግገው አይ.ኢ.ሲ. 60079-10-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው።

ዞኑን የሚወስነው ጋዙ ብቻ ግን አይደለም። አየሩም ነው። የሚያፈሰው ቧንቧ ያው ሆኖ አየር ካልተንቀሳቀሰ፣ ዞን 2 የነበረው ዞን 1 ይሆናል፤ ሲብስም ዞን 0። ደብረ ብርሃን ላይ ጉዳዩ የሚከረው እዚህ ጋ ነው።

አንድ የጋዝ ሲሊንደር ማስቀመጫ ክፍል አይቻለሁ። ግድግዳው ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ መተንፈሻ አለው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያሉት ጋዞች፣ ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚከብዱ መሬት ለመሬት ነው የሚሄዱት። መተንፈሻው ግን በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅጥቋል። ጥበቃውን ብጠይቃቸው "ጋሼ፣ ሌሊት እኮ ብርዱ አያስቀምጥም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም። ጥፋቱ ያ ቀዳዳ ለምን እንደተተወ ያልነገራቸው ሰው ነው። ካርታው የተሣለው ቀዳዳው ክፍት ነው ብሎ ነው። ጆንያው ከገባ ጀምሮ ወረቀቱና ክፍሉ አይተዋወቁም። ፕሮፔን ደግሞ ከአየሩ 2 በመቶ ገደማ ከያዘ ለመፈንዳት ይበቃዋል።

መብራት መጥፋትም አለ። አየሩን የሚያንቀሳቅሰው ፋን ከሆነ፣ መብራት ሲሄድ ፋኑ ይቆማል፤ ማፍሰሱ ግን አይቆምም። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ኮንታክተሮቹ (ሞተሮቹን የሚያገናኙት የኤሌክትሪክ ማብሪያዎች) በአንድ ጊዜ ይመታሉ፣ ብልጭታው በተጠራቀመው ጋዝ መሃል ይሆናል። ደረጃው አየር ማናፈሻው ምን ያህል አስተማማኝ ነው ብሎ ለብቻው ይጠይቃል። መብራት በማይጠፋበት አገር የተሣለ ካርታ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ እኛ ጋ አይሠራም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ይህን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ፍንዳታ የማያስነሱ ተብለው የሚሸጡ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚፈተኑት የአየር ግፊቱ ከ80 እስከ 110 ኪሎ ፓስካል ነው በሚል ነው። 80 ኪሎ ፓስካል ወደ 1,950 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ግፊቷም 72 ገደማ ነው። ከተማዋ በሙሉ ደረጃው "የተለመደ" ከሚለው አየር ውጭ ናት ማለት ነው።

ሁሉም ወደ መጥፎ አያጋድልም። በሳሳ አየር የፍንዳታው ግፊት ራሱ ይቀንሳል። ሌላው ግን ይከብዳል። የሳሳ አየር ሞተርን በደንብ አያቀዘቅዝም፣ በሁለት ሽቦ መሃል ብልጭታም በቀላሉ ይዘላል። ከሲሊንደር ያመለጠ አንድ ኪሎ ጋዝ፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ፣ ከባሕር ጠለል 40 በመቶ ያህል የሰፋ ቦታ ይይዛል። ካርታው ላይ የዞኑ ወሰን 3 ሜትር ተብሎ የተሰመረው ክብ እዚህ 3 ሜትር ላይበቃው ይችላል። አልኮልንም እንይ። ዳግም አረቄ ክብሪት ሲነካው በሰማያዊ ነበልባል እንደሚነድ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የማያውቅ የለም። የንጹሕ አልኮል እንፋሎት በባሕር ጠለል እሳት መያዝ የሚጀምረው 13 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። በደብረ ብርሃን ግፊት ይህ ወደ 7 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። "ቦታው ብርድ ነው፣ አይተንም" የሚለው መጽናኛ በቀን ፀሐይ ጨርሶ አይሠራም። ሸዋ ሮቢት ብንወርድ ደግሞ ግፊቱ ደረጃው ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ እንፋሎቱን ያበዛዋል። በአንድ ዞን አስተዳደር ውስጥ እንኳ አንድ ካርታ ለሁለቱም አይሆንም።

ተቀጣጣይ ደመና ካልተጠበቀ ቦታ ሲደርስ ምን እንደሚያመጣ ለማየት አሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ የሆነው ይበቃል። በፈረንጆቹ 2005 አንድ የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ የፈሰሰ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ደመና ሠራ። ሳያቀጣጥለው ያልቀረው ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ ፒክአፕ ነው። 15 ሰዎች ሞቱ። የሞቱት ማሽኑ አጠገብ በተተከሉ ጊዜያዊ ቢሮዎች ውስጥና ዙሪያ የነበሩ ናቸው።

"ኤክስ የተጻፈበት ዕቃ ውድ ነው፣ ዶላር ከየት ይምጣ" የሚል ባለፋብሪካ ይኖራል። ኤክስ (Ex) ፍንዳታ በማያስነሱ ዕቃዎች ላይ የሚጻፈው ምልክት ነው። ገብቶኛል። ግን በደንብ የተሣለ ካርታ ወጪ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ምክር ውድ ዕቃ ግዛ ሳይሆን ማብሪያውን ከዞኑ አውጣ ነው። ብሬከሩን ከግድግዳው ወዲያ ማዞር ምንም ያህል አያስወጣም። የተገዛውም ዕቃ ቢሆን ዋጋ የሚኖረው በአግባቡ ሲያዝ ነው። ፍንዳታ የሚያምቀው የብረት ሳጥን አራት ብሎን ወልቆ ሁለት ቀርቶት፣ ጎኑ ለተጨማሪ ገመድ በድሪል ተበስቶ ካየሁ፣ ለእኔ ከተራ ሳጥን አይለይም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ ያዛል። ተቆጣጣሪው ሲመጣ እሳት ማጥፊያውን ቆጥሮ ብቻ አይሂድ፤ ካርታውን ይጠይቅ። የትኛው ከፍታና የትኛው ግፊት ተይዞ ተሰላ? መብራት ሲጠፋስ? ብሎ ይጠይቅ። አዲስ ፋብሪካ ለእነዚህ መልስ ሳይኖረው መብራት አይገባለት። ነባሮቹ ከሲሊንደር ማስቀመጫው፣ ከቲነርና ከአልኮል መጋዘኑ፣ ከፎርክሊፍት ባትሪ መሙያው ይጀምሩ። ባትሪው ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል፣ ቀላል ስለሆነም መውጫው ጣሪያው ላይ መሆን አለበት።

ካርታው በአማርኛ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። ሲሣልም መሐንዲሱ ብቻውን አይቀመጥ። የሌሊት ፈረቃ ኤሌክትሪሻኑና ጥበቃው አብረውት ይዙሩ። የትኛው መስኮት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እንደሚዘጋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።