ለወፍራም ድምፅ የትኛው ማይክ? ዳይናሚክ ወይስ ኮንደንሰር

ጥያቄው አጭር ነው። አንድ ወጣት ወፍራም ድምፅ አለው። መሃል አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የማስታወቂያ ንባብና የዘጋቢ ፊልም ትረካ ቤቱ እየቀዳ መሥራት ይፈልጋል። ስቱዲዮ የለውም፣ ገንዘቡም ውስን ነው። ዳይናሚክ ማይክ ይግዛ ወይስ ኮንደንሰር? በሙያው ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረውበታል። አንዷ ሌሎች የቀዱትን ድምፅ የምታጸዳ ኤዲተር ናት። ሌላው ለረጅም ዓመታት በትረካ የቆዩ፣ ራሳቸውም ጎርናና ድምፅ ያላቸው አንጋፋ ተራኪ ናቸው።

ኤዲተሯ

እኔ ዳይናሚክ ይግዛ ባይ ነኝ። ምክንያቴ የሚጀምረው ከክፍሉ ነው።

ፒያሳ ያለ የኪራይ ክፍል ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ፣ መስኮቱ ስስ መስታወት። ንጋት ላይ የጊዮርጊስ ቅዳሴ ይሰማል። ረፋዱ ላይ የታክሲ ረዳት "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ" ይላል። ግቢው ውስጥ ቡና ይወቀጣል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ የትኛውም ማይክ አያድንም፤ እስኪያባራ መጠበቅ ነው።

ኮንደንሰር ጆሮው ስል ነው። ውስጡ ያለው ሽፋን በጣም ስስ ስለሆነ በትንሽ የአየር ንዝረት ይንቀሳቀሳል። የዳይናሚክ ሽፋን ግን የሽቦ ጥቅልል ስለተጣበቀበት ከበድ ይላል። ስስና ፉጨት መሰል ድምፆችን ያን ያህል አያነሳም። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በቅርቡ የደረሰኝን አንድ ፋይል ላንሳ። የዘጋቢ ፊልም ትረካ ነው፤ የሰውዬው ድምፅ ግሩም ነው። ግን ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ከሥር "እምምም" የሚል ነገር አለ። ስመረምረው ፍሪጅ ነው። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ንዝረት ነው የሚሠራው። የሞተርና የትራንስፎርመር እምምታ ደግሞ ብዙ ጊዜ እጥፉ ላይ፣ 100 ኸርዝ ላይ ጎልቶ ይወጣል። የወንድ ድምፅ መሠረቱ በግምት ከ85 እስከ 155 ኸርዝ ነው፤ የወፍራም ድምፅ ቤቱ እዚያው 100 ሰፈር ነው። የሴት ድምፅ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ቆርጬ እጥለው ነበር። የዚህን ሰው ግን እምምታውን ስቆርጥ ድምፁም አብሮ ተቆረጠ። ደረቱ ባዶ ሆነ። ስለዚህ ለወፍራም ድምፅ ጫጫታው ከመጀመሪያው አለመግባቱ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል።

ምን ይግዛ? በፈረንጆቹ 1966 ወጥቶ ዛሬ በዓለም መድረክ ሁሉ ላይ ያለው ሹር ኤስኤም58 አለ፤ አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ በብዙ የሚረክሰው ቤሪንገር ኤክስኤም8500ም ያሠራል። ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ሳውንድ ካርድ መግዛት ካልቻለ በዩኤስቢ ቀጥታ ላፕቶፕ ላይ የሚሰኩ ዳይናሚኮች አሉ፤ ሳምሰን ኪው2ዩ እና ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲአር2100ኤክስ። ሁለቱም ኤክስኤልአር የሚባለው ባለ ሦስት እግር የማይክ መሰኪያም ስላላቸው ነገ ሳውንድ ካርድ ሲገዛ አይጣሉም።

ተራኪው

እህቴ ስለ ፍሪጁ የጻፈችው ልክ ነው። ግን ፍሪጁን ዳይናሚክም ይሰማዋል። ቀረጻ ሲጀመር ከሶኬት መንቀል ነው፤ ሲያልቅ መልሶ መሰካት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። "ዳይናሚክ ጫጫታ አይሰማም" የሚለውን አባባል ብዙ ልጆች እንደ ወንጌል ይዘውት ያሳዝነኛል። ሁለቱም ማይኮች ካርዲዮይድ ከሆኑ ሁለቱም ከፊት ይሰማሉ፣ ከኋላ ይዘጋሉ። ከአፍሽ እኩል ርቀት ላይ አስቀምጪያቸው። የድምፅሽን መጠን እኩል አድርጊው። የክፍሉ ጫጫታ ተቀራራቢ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ዳይናሚኩ ንጹሕ የሚመስለው ሰው አፉን ስለሚለጥፍበት ነው። ርቀት በግማሽ ሲያጥር ድምፅ በጉልበት መለኪያው ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ሥራውን የሠራው ቅርበቱ ነው እንጂ ማይኩ አይደለም።

ቅርበቱ ደግሞ ለእኛ ለባለ ወፍራም ድምፆች ጠንቅ ነው። አብዛኛው ካርዲዮይድ ማይክ ሲቀርቡት ባሱን ያበዛል። ቀጭን ድምፅ ላለው ሰው ይህ ስጦታ ነው፤ ያወፍረዋል። አስቀድሞ የወፈረውን ግን ያጠፋዋል። ቃላቱ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ድምፁ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ወጣቶች ሲቀዱ አያለሁ፤ ሁለት ጣት ርቀት ላይ ሆነው በጆሮ ማዳመጫቸው የሚሰሙትን ባስ ይወዱታል። ደንበኛው ግን "ምን እንዳለ አልሰማሁም" ብሎ ይመልሰዋል።

አድማጩ በምን እንደሚሰማው እናስብ። የዛሬ ማስታወቂያ በስልክ ነው የሚሰማው። ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ በዚያች ትንሽ ስፒከር። ያቺ ስፒከር 100 ኸርዝን በቅጡ አታወጣም። ስለዚህ ወፍራሙ ድምፅ ስልክ ላይ የሚታወቀው ከላይ ባለው ዝርዝር ነው፤ በተነባቢዎቹ ጥራት። አማርኛ ደግሞ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ያለው ቋንቋ ነው። እነዚህ ድምፆች ጉሮሮ ተዘግቶ ድንገት ይፈነዳሉ። በጣም አጭር፣ በጣም ስል ናቸው። "ጥቅምት" በሉ እስቲ፣ "ጭቅጭቅ" በሉ። ያንን ፍንዳታ እንዳለ የሚይዘው ስሱ የኮንደንሰር ሽፋን ነው። ከባዱ ሽፋን ጫፉን ያለዝበዋል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ነው። እሱም አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር አካባቢ ነው። ገንዘብ ትንሽ ከተረፈው ኤቲ2035 አለ፤ 80 ኸርዝ ላይ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ራሱ ላይ አለው። ከአፍ አንድ ስንዝር አርቆ፣ ትንሽ ጎን አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ክፍሉንስ? ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ልብሱን ከፊት፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ከኋላ መስቀል። ዋናው ከተናጋሪው ኋላ ያለው ነው፤ ማይኩ የሚያየው ከተናጋሪው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነውና። ብዙ ሰው ግን ድምፅ የሚውጠውን ፎም ከማይኩ ኋላ ይለጥፍና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ኤዲተሯ

ጋሼ ስለ ርቀቱ የጻፉትን እቀበላለሁ። እርስዎ ግን አንድ ስንዝር ርቀት ላይ የሚያዋጣውን ክፍል ይዘው ነው የሚከራከሩት። ልጁ ያ ክፍል የለውም። ብርድ ልብስ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል፤ የውጭውን መኪና ግን አያስቆምም። ከመንገድ የሚመጣ ዝቅተኛ ድምፅ ጋቢም ሆነ ብርድ ልብስ አልፎ ይገባል። ስለዚህ መቅረብ ግድ ነው። መቅረብ ግድ ከሆነ ደግሞ ለቅርበት የተሠራውን ማይክ መግዛት ነው።

ሹሮች ኤስኤም58ን ለቅርብ ድምፅ አመቻችተው ነው የሠሩት። የታችኛውን ባስ ሆን ብለው ቀንሰውታል፣ መሃሉን ትንሽ አንስተውታል። ባስ በዛ የሚሉት ችግር ግማሹ ፋብሪካው ውስጥ ተፈትቷል። ቀሪው በቦታ አያያዝ ይፈታል። አራት ጣት ማራቅ፣ ማይኩን ከአፍ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጉንጭ ጥግ ማዞር። ከዚያ ኤዲት ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ፣ ከ200 እስከ 400 ባለው ውስጥ ጥቂት መቀነስ። እኔ የበዛ ባስ ደርሶኝ በአምስት ደቂቃ አስተካክዬ አውቃለሁ። ቃሉ ላይ የተቀመጠ የመኪና ጡሩምባ ግን ምንም አላደርገውም። "ድጋሚ ቅዳልኝ" ብሎ መደወል ብቻ ነው።

ስለ ጠ እና ጨ እስማማለሁ፤ ኮንደንሰር ላይ ያምራሉ። ግን እነዚያ ድምፆች ስል ስለሆኑ ዳይናሚክም አይስታቸውም። ኤዲት ላይ ከ4 ሺህ ኸርዝ በላይ ትንሽ ከፍ ሲደረግ ይወጣሉ። ከፍ ማድረግ የሚቻለው ግን ቀረጻው ንጹሕ ከሆነ ነው። ጫጫታ ያለበትን ከፍ ሳደርግ ጫጫታውም አብሮ ይመጣል።

ደግሞም ልጁ ነገ የእንግሊዝኛ ኦዲዮ መጽሐፍ ልሥራ ቢል፣ ኤሲኤክስ የሚባለው ገበያ ዝም በተባለበት ቦታ ያለው ጫጫታ ከ-60 ዴሲቤል ካለፈ አይቀበልም። ከዚያች ክፍል በኮንደንሰር፣ በስንዝር ርቀት ያንን ማምጣት በጣም ከባድ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ ገበያው ነው። ኮንደንሰር ይግዛ ስንለው ሱቅ ሄዶ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ቢኤም800 የተጻፈበትን ርካሽ ዕቃ ነው። ከመቆሚያው፣ ከስፖንጁና ከሚያብረቀርቀው ሳጥን ጋር ሲያዩት ስቱዲዮ ይመስላል። አብሮት የሚመጣው ገመድ ጫፉ የጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል፣ ሹሹታው ከድምፁ እኩል ይሆናል። ስንት ልጅ በዚህ ተስፋ ቆርጦ ትቷል።

ተራኪው

ቢኤም800ን ለማንም አልመክርም። ኤቲ2020ን የመሰለ ኮንደንሰር 48 ቮልት ፋንተም ፓወር፣ ማለትም በማይኩ ገመድ የሚላክለት ኃይል ይፈልጋል፤ ያንን የላፕቶፕ ቀዳዳ አይሰጥም። ለዚህ ነው ሳውንድ ካርድ የሚያስፈልገው። ቤሪንገር ዩኤም2 ርካሹ ነው፤ 48 ቮልት ይሰጣል።

ግን እህቴ፣ የገበያውን ነገር ካነሳሽ የዳይናሚኩንም አንሺው። ኤስኤም58 በዓለም ላይ አስመስለው ከሚሠሯቸው ማይኮች ዋነኛው ነው። ሳጥኑም፣ መያዣውም፣ ጽሑፉም አንድ ዓይነት ነው። ዋጋው ከተለመደው እጅግ ከወረደ መጠርጠር ነው። ሳይሰካ፣ ሳይሰማ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ስህተትን የሚሸከም ዋጋ የለውም።

ደግሞ ስለ ጌይን፣ የማይኩን ድምፅ ስለ ማጉላቱ ዝም አልሽ። ዳይናሚክ ድምፁ ደካማ ነው። ኤቲ2020 ከኤስኤም58 ወደ 17 ዴሲቤል የበለጠ ያወጣል። ልጆቹ ሁሉ የሚመኙት የሹር ዳይናሚክ ኤስኤም7ቢ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌይን ይጠይቃል። ርካሽ ሳውንድ ካርድ እስከ ጥግ ሲከፈት "ሽሽሽ" ይላል። ትረካ ደግሞ ጩኸት አይደለም። ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ዝግ ብሎ፣ ለአንድ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ ሲያነብ ነው የሚያምረው። ያንን ዝግታ ዳይናሚኩና ርካሹ ካርድ ተባብረው ሹሹታ ውስጥ ይቀብሩታል።

ክፍሉ ከጮኸ ማታ ይቅዳ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ፒያሳም ቢሆን ይረጋል።

ኤዲተሯ

ኤስኤም7ቢን እኔም አልመከርኩም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ኪስ አይሆንም። አራት ጣት ርቀት ላይ ለሚያነብ ሰው ኤስኤም58 በርካሹ ካርድም ይበቃል። የዩኤስቢዎቹ ደግሞ ማጉያው ውስጣቸው ስላለ ሌላ ካርድ አያስፈልጋቸውም።

ማታ ይቅዳ የሚለው ግን ሥራውን አያውቀውም። ማስታወቂያ እንዴት እንደሚመጣ ጋሼ ያውቃሉ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይደወላል፣ 8 ሰዓት አየር ላይ ይሄዳል። በመሃል ደንበኛው ስልክ ቁጥሩን ይቀይራል፣ "አንድ ዓረፍተ ነገር ድገምልን" ይላል። ልጁ ታክሲው እየጮኸ፣ ሰፈሩ እየተንጫጫ ቀድቶ መላክ አለበት። እስኪመሽ ጠብቁኝ ያለ ጀማሪ ሁለተኛ አይደወልለትም። በቀን ሊሠራበት የማይችለው ማይክ ምንም ያህል ቢያምር ለእሱ የሚሆን አይደለም።

ተራኪው

ስለ ድጋሚው ካነሳሽ እዚያው ልጨርስ። ጠዋት የቀዳውንና ቀትር ላይ የደገመውን አንድ ዓረፍተ ነገር የምትገጣጥሚው አንቺ ነሽ። ማይክ በጣም ሲቀርብ አንድ ጣት መንቀሳቀስ ባሱን ይቀይረዋል። ጠዋት ሦስት ጣት ላይ ነበር፣ ቀትር አምስት ላይ ሆነ፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። ስንዝር ላይ ያነበበ ግን ጣት ቢንቀሳቀስ አይታወቅበትም። ዳይናሚኩን ከገዛ፣ ቢያንስ ከማይኩ እስከ አፉ ያለውን ርቀት በክር ለክቶ፣ ክሩን መቆሚያው ላይ አስሮ ይተወው። በየቀረጻው ክሩን ከንፈሩ ድረስ ይዘርጋ። እኔ ግን አሁንም ኤቲ2020ውን ነው የምለው፣ ከመስኮቱ በተቃራኒው ጥግ፣ ጀርባውን ለብርድ ልብሱ ሰጥቶ።