ባለ ቀይ አፍንጫው ትልቅ ሰው

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ቡና ስትቆላ የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ተጋድሞ «ዋን ፒስ» ያያል። ይህ የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ የሆነ የጃፓን አኒሜ (ተከታታይ የካርቱን ፊልም) እ.ኤ.አ. በ1999 ነው የተጀመረው። ልጁ ሳይወለድ ተጀምሮ ይኸው ጢም አብቅሎም አላለቀለትም። እኔ «የልጅ ነገር» እያልኩ ጋዜጣ ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ጋዜጣው ግን ከገጽ 3 አይነቃነቅም።

እናቴ ቴሌቪዥኑ ላይ የሰው ፎቶ ያለበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየች።

«ውይ! ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው የጠፋው?» አፋልጉኝ መስሏታል።

«አልጠፋም እማማ፣ ይፈለጋል። የባሕር ወንበዴ ነው። ለሚይዘው ሰው መንግሥት ገንዘብ ይሰጣል።»

«ታዲያ ምን ያስቀዋል?»

የሚስቀው ሉፊ ነው፤ ዋናው ባለታሪክ። መጀመሪያ በራሱ ላይ የተቆረጠው ዋጋ 30 ሚሊዮን ቤሪ ነበር፤ ቤሪ የዚያ ዓለም ገንዘብ ነው። እሱ ታዲያ ደመወዝ የተጨመረለት ያህል ነው የፈነደቀው። እኔ ዋጋው የጉልበት መለኪያ ይመስለኝ ነበር። የእህቴ ልጅ አረመኝ፤ መንግሥት ምን ያህል እንደፈራህ ነው የሚለካው። ሮቢን የምትባለዋ ላይ 79 ሚሊዮን የተቆረጠባት በ8 ዓመቷ ነው። ስድስት የጦር መርከብ አስጥማለች ተብሎ ታወጀ። እውነተኛው ጥፋቷ መንግሥት የከለከለውን ጥንታዊ ጽሑፍ ማንበብ መቻሏ ነው።

በአንጻሩ ቾፐር አለ። የሉፊ መርከብ ሐኪም ነው፤ ያክማል፣ ይዋጋል። ግን አጋዘን ስለሆነ የቤት እንስሳ መስሏቸው 50 ቤሪ ጻፉበት። ሚሊዮን የሚል ቃል የለውም፣ 50 ብቻ። ስንት ጦርነት ካለፈ በኋላ 100 አደረጉለት፣ በኋላም 1,000። እኔ በበኩሌ የደመወዝ ማስተካከያ ደብዳቤዬ ትዝ አለኝ፤ ዝም አልኩ።

አንጀቴን የበላኝ ግን ዱቫል ነው። ሳንጂ የሚባለው የዚያው መርከብ ወጥ ቤት ለ«ይፈለጋል» ወረቀቱ ፎቶ ሲነሳ ፎቶ አንሺው የካሜራውን ክዳን ሳያነሳ ቀረ። ስለዚህ በእጅ ሣሉት፤ ሥዕሉ ሳንጂን አይመስልም። ችግሩ ዱቫልን ቁርጥ አድርጎ መምሰሉ ነው። ዱቫል ሳንጂን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ወረቀቱ ከወጣ ወዲህ ግን አሳዳጅ በዝቶበት ፊቱን በብረት ሸፍኖ ይኖራል። ሲገናኙ ሳንጂ በእርግጫ ፊቱን ሌላ መልክ እስኪይዝ ድረስ አስተካከለለት።

እኔም ልጅ ሳለሁ የጎረቤት መስኮት በኳስ ተሰበረ። የለጋው ሌላ ነው፤ ኳሷን ላመጣ አጥር ዘልዬ የተያዝኩት እኔ። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ የተሰነጠቀ መስታወት ሁሉ በስሜ ተመዘገበ። ኩፍኝ ይዞኝ ከአልጋ ሳልወርድ የተሰበረው እንኳ «እሱ ነው» ተብሏል። እኔን በእርግጫ የሚያስተካክል ሳንጂ አልመጣም።

እናቴ ግን የወደደችው ባጊን ነው። ባለ ቀይ አፍንጫ፣ ፈሪ፣ አፈ ጮሌ። ሲጀምር 15 ሚሊዮን ነበር። ከእስር ቤት ሲያመልጥ እስረኞቹ ተከተሉት። በልጅነቱ በወንበዴዎቹ ንጉሥ በሮጀር መርከብ ላይ እንደነበረ ሲሰሙማ ሊሰግዱለት ምንም አልቀራቸው። እሱ የሸሸውን ሁሉ እነሱ ዘዴ ነው አሉት። በኋላ ክሮኮዳይልና ሚሆክ የሚባሉ አስፈሪ ሰዎች ድርጅት አቋቋሙ። ባጊ የክሮኮዳይል ገንዘብ ስላለበት በእነሱ ሥር ገባ። ማስታወቂያውን ያተሙት ግን የባጊ ተከታዮች ስለነበሩ አለቃቸውን መሐል ላይ ግዙፍ አድርገው፣ ሁለቱን ከኋላው እንደ አጃቢ ለጠፏቸው። ዓለም አመነ። ዋጋው 3.189 ቢሊዮን ቤሪ ገባ፤ የባሕር ንጉሠ ነገሥት ከሚባሉት ከአራቱ ኃያላን ወንበዴዎች አንዱም ሆነ። ሁለቱ ደህና አድርገው ከቀጠቀጡት በኋላ «እንግዲህ ይቅር፤ ጠላት ሲመጣ ወደሱ ይሂድ» ብለው ተዉት።

«ጎበዝ ልጅ!» አለች እናቴ፤ መቀጥቀጡን እንዳላየች አለፈችው።

በረካው ላይ ጎረቤታችን መጡ። እናቴ ሲኒ እያቀበለቻቸው «ያ ባለ ቀይ አፍንጫው ልጅ እኮ ትልቅ ቦታ ደረሰ!» አለቻቸው።

«የማን ልጅ ነበር?»

«ከድሮው ንጉሥ መርከብ ነው የወጣው።»

«እኔማ ድሮም ፊቱን አይቼ ብያለሁ» አሉ ጎረቤታችን። ሲገቡ ቴሌቪዥኑ ከተዘጋ ሩብ ሰዓት አልፎት ነበር።