ክርክር፦ የሉክሰምበርግ ሣር ለሰው ይከፈት?

ፓሪስ ውስጥ ባለው የሉክሰምበርግ መናፈሻ አብዛኛው ሣር አይረገጥም። ሰው ሣር ላይ የሚቀመጠው በተፈቀደለት ጥግ ብቻ ነው። ሁለት ጸሐፊዎች ተሟግተውበታል። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እሷ፦ ሕፃን ሣር ሲያይ ይሮጣል። እዚያ ግን ጎትቶ ወደ ጠጠሩ መመለስ ነው። ፀሐይ በወጣ ቅዳሜ የተፈቀደችው ጥግ እግር መዘርጊያ የላትም። ሰፊው ሣር እንግዳ ካልመጣ እንደማይከፈት ሳሎን ተዘግቶ ይውላል።

እሱ፦ ልጄ፣ ይህ ኳስ ሜዳ አይደለም። የፈረንሳይ ንግሥት የነበረችው ማሪ ደ ሜዲቺ በ1612 ቦታውን ከገዛች ጀምሮ ማንም ያልነካው ቅርስ ነው። መቀመጫ ከተፈለገ አረንጓዴዎቹ የብረት ወንበሮች ሞልተዋል። ድሮ ይከፈልባቸው ነበር፤ ከ1974 ወዲህ በነፃ ናቸው። አንዱን ገንዳው ዳር ጎትቶ መቀመጥ፣ ሌላው ላይ እግር መስቀል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

እሷ፦ «ማንም ያልነካው»? ጋሼ፣ የሜዲቺ ፏፏቴ እኮ በ1860ዎቹ መንገድ ሲቀየስ ከቦታው ተነሥቶ ነው ወደ 30 ሜትር ርቆ የተተከለው። ከላይ ሆኖ ፍቅረኞቹን አጎንብሶ የሚያየው የግሪክ አፈ ታሪኩ ግዙፍ የፖሊፌመስ ሐውልት የቀራጺው የኦገስት ኦተን ሥራ ነው፤ የ1866። በመካከለኛው ገንዳ ዙሪያ የቆሙትን የንግሥቶች ሐውልት ያስቀረጸው ደግሞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ነው። ማሪ ከእነዚህ ሐውልቶች አንዱንም አላየችም።

እሱ፦ አንድ ቃል ነክሶ መያዝ ክርክር አይባልም። ድንጋይ ማንሣትና ሣር መርገጥ ለየቅል ናቸው። ፏፏቴው የተነሣው ለመዳን ነው!

እሷ፦ ከማን ለመዳን? ከዚያው ከመንግሥት መንገድ! በደቡብ በኩል የነበረውን የችግኝ ቦታም መንግሥት ሲቆርሰው ፓሪሳውያን ፊርማ አሰባስበው ተቃውመዋል። የነካው መንግሥት፣ የጮኸው ሕዝብ። ዛሬ ግን አትንኩ የሚባለው ሕዝቡ ነው።

እሱ፦ ይኸው ወጣ! ለካ ነገሩ የሣር አልነበረም፤ መናፈሻውን ከሚያስተዳድረው ከፈረንሳይ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት፣ ከሴኔቱ ጋር ነው ጠቡ። ደግሞ «ጋሼ» ማለትሽ ለአሽሙር መሆኑ አልጠፋኝም። በዚህ ዕድሜዬ መቀለጃ ልሆን አልመጣሁም።

እሷ፦ «ልጄ» ብለው የጀመሩት እርስዎ ነዎት። ሴኔቱ መናፈሻው ውስጥ የሚሰበሰብበትን ቤተ መንግሥት ይያዝ፤ ማን ከለከለው? ሲመሽ ዘበኞቹ ፊሽካ ይነፋሉ፣ ሁላችንም ወጥተን በሩ ይዘጋል። እስከዚያ ሣሩ ላይ ጋደም ብንል ምን ይጎድላል? ስለ ሕፃኑም አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ያቺን የ1612ቷን «ማንም»ማ ተዉት፤ እሷን እኔው ይዣታለሁ።