ኮንቴይነሩ በእርግጥ ቆሟል ወይ?

የክርክሩ ነጥብ ይህ ነው። ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር አሽጎ ለብቻው የሚያስኬድ ሳጥን መሰል ነገር) የሚያስነሳ፣ የሚያቆምና የሚያጠፋ ኮድ ስንጽፍ አውቶማቲክ ቴስቱ በእውነተኛ ኮንቴይነር ላይ ይሩጥ? ወይስ ኮንቴይነሮችን የሚያስኬደውን ሶፍትዌር፣ ዶከርን፣ መስሎ የሚመልስ ሞክ (የውሸት ተተኪ) ይበቃል? ሁለቱም ተከራካሪዎች ሰርቨር በማስተዳደር የሚተዳደሩ ናቸው።

ደጋፊ፦

አቋሜ አጭር ነው። ኮንቴይነር የሚያቆም ኮድ ጽፈህ፣ አንድም ኮንቴይነር ሳታቆም «ፈትኜዋለሁ» ማለት አትችልም።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርህ ወንድሜ። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ ከደንበኞች ትእዛዝ የሚቀበል ሲስተም ነበረን። አዲስ ቨርዥን ስናወጣ አንድ ስክሪፕት አሮጌውን ኮንቴይነር ያቆማል፣ ያጠፋል፣ አዲሱን ያስነሳል። ስክሪፕቱ ቴስት ነበረው። ሁሌም አረንጓዴ ነበር። ቴስቱ ግን የሚያወራው ከዶከር ጋር ሳይሆን እኛው ከጻፍነው ሞክ ጋር ነው። ሞኩ «አቁም» ሲባል «ቆሟል» ይላል። ሌላ ነገር እንዲል አላስተማርነውም።

እውነተኛው ሰርቨር ላይ ግን ቨርዥን በቀየርን ቁጥር ጥቂት ትእዛዞች ግማሽ መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር። የደንበኛው ሂሳብ ተቀንሷል፣ ትእዛዙ ግን አልተመዘገበም። ሰው ይደውላል፤ እኛ ኔትወርክ ነው እንላለን። ሳምንታት ፈጀብን። አንድ ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ተርሚናል ከፍቼ በእጄ «ዶከር ስቶፕ» ብዬ ጻፍኩና መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልክ አስር ስደርስ ተመለሰ። የመውጫ ቁጥሩን ሳየው 137 ይላል።

137 ማለት 128 ሲደመር 9 ነው። 9 የሲግኪል ቁጥር ነው፤ ሲግናል ለፕሮግራም የሚላክ አጭር መልእክት ሲሆን ሲግኪል በግድ የሚገድለው ነው። ዶከር ኮንቴይነር ሲያቆም መጀመሪያ ሲግተርም ይልካል፤ «የያዝከውን ጨርሰህ ውጣ» እንደማለት ነው። ሌላ ካልተነገረው 10 ሰከንድ ይጠብቃል። ካልወጣ ይገድለዋል። የእኛ ፕሮግራም ሲግተርሙ ጭራሽ አልደረሰውም። ኮንቴይነሩ ውስጥ የመጀመሪያው ፕሮሰስ (እየሮጠ ያለ ፕሮግራም) የእኛ ፕሮግራም ሳይሆን እሱን የሚያስነሳው የሼል ስክሪፕት (ትእዛዞች በተርታ የተጻፉበት ፋይል) ነበር። ሼሉ የደረሰውን ሲግናል ወደ ልጁ፣ ማለትም ወዳስነሳው ፕሮግራም፣ አያሳልፍም። ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ደግሞ የመጀመሪያውን ፕሮሰስ ይጠብቀዋል፤ ራሱ ሲግተርምን የሚቀበል ኮድ ካላዘጋጀ ሲግናሉ አይነካውም። ስለዚህ ሁለቱም ምንም ሳይሰሙ 10 ሰከንዱ ያልቃል፣ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ይቆረጣል። መፍትሔው ስክሪፕቱ የመጨረሻ መስመር ላይ አንድ ቃል መጨመር ነበር፦ «ኤክሴክ»። ያኔ ሼሉ ቦታውን ለፕሮግራሙ ይለቃል፣ ሲግናሉም በቀጥታ ይደርሰዋል።

ይህን የሚይዝ ቴስት አምስት መስመር አይሞላም። አስነሳ፣ አቁም፣ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ለካ፣ ቁጥሩ 137 ከሆነ ውደቅ። ሞክ ግን አንድ ሺህ መስመር ብትጽፍለትም አይነግርህም።

ተቃዋሚ፦

እህቴ፣ ያየሽው ነገር ያማል። ደንበኛ እየደወለ ምክንያቱን አለማወቅን እኔም ቀምሼዋለሁ። እኔን እዚህ ያቆመኝ ግን የተገላቢጦሹ ነው።

በነበርኩበት ቡድን ከመቶ በላይ ቴስቶች ነበሩን፤ ሁሉም አንቺ እንደምትዪው በእውነተኛ ዶከር ላይ። አንድ ዙር 40 ደቂቃ ይፈጃል። የሚወድቁት ደግሞ ኮዳችን ስለተበላሸ አልነበረም። ትናንት መሃል ላይ የተቋረጠ ቴስት ኮንቴይነሩን ትቶ ስለሄደ «ይህ ስም ተይዟል» ይላል። ወይ ፖርቱ (ሰርቪሱ የሚገኝበት የኔትወርክ ቁጥር) ተይዟል። ወይ ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት የታሸገ ቅጂ) አልወረደም። ኢሜጅ የሚወርድበት ዶከር ሀብ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ያለ አካውንት የሚያወርድን በ6 ሰዓት ውስጥ በ100 ጊዜ ገደበው። የሚቆጥረው በአይፒ አድራሻ ነው። የእኛ ቢሮ በሙሉ የሚወጣው በአንድ አይፒ ነበር። ጠዋት የሚያልፈው ቴስት ከምሳ በኋላ ይወድቃል።

ሰው ምን ያደርጋል? «እንደገና አስኪድ» የሚለውን ይጫናል። ሲወድቅ ማን ያነበዋል? አንድ ቀን የምር ችግር መጣ። አንዱ ልጅ ሦስት ጊዜ ተጫነው፣ ሦስተኛው አለፈ፣ ኮዱ ወጣ። ቴስቱ ሁለት ጊዜ ጮሆ ነበር። እኛ መስማት ካቆምን ቆይተናል።

ይኼ ብቻ አይደለም። የቀሩትን ኮንቴይነሮች ለማጽዳት ብለን ቴስቱ መጀመሪያ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፤ «ያለውን ኮንቴይነር በሙሉ በግድ አጥፋ» የሚል። ማሽኑ የጋራ መሆኑን ዘነጋነው። የሥራ ባልደረባችን ሁለት ቀን ዳታ ያስገባበት ዳታቤዝ እዚያው ላይ ይሮጥ ነበር፤ ዳታውን ከኮንቴይነሩ ውጭ የሚያስቀምጥ ቮልዩም አላደረገለትም። አብሮ ሄደ። የልጁ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ኮንቴይነር ማቆምና ማስነሳት በትክክል መሥራቱን የሚፈትኑ ሰዎች አሉ። እንደ ዶከር ኮንቴይነር የሚያስኬደው ፖድማን ባትስ በሚባል የቴስት መሣሪያ የተጻፉ የራሱ የሲስተም ቴስቶች አሉት። ብዙ ኮንቴይነሮችን በብዙ ማሽን ላይ በሚያስተዳድረው ኩበርኔትስ ሥር ለሚሠሩ ኮንቴይነር ማስኬጃዎች ክሪቴስት የሚባል ማረጋገጫ አለ። እነሱ የፈተኑትን እኛ ለምን ደግመን እንፈትናለን? የእኛ ኮድ ውሳኔ ነው፤ መቼ ይቁም፣ ስንቴ ይሞከር፣ ካልተሳካ ማን ይነገረው። ይህንን ሞክ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይፈትነዋል።

ደጋፊ፦

ስለ ባልደረባችሁ ዳታ በጣም አዝናለሁ። ግን ያ መስመር የተጻፈው በችኮላ ነው። ቴስቱ የሚፈጥረው ኮንቴይነር ሁሉ ሌብል (መለያ ምልክት) ይለጠፍበት፣ ሲያጸዳም ያንን ሌብል የያዘውን ብቻ ያጥፋ። ለቴስት ኮንቴይነር የሚያስነሳው ላይብረሪ፣ ቴስትኮንቴይነርስ፣ ለዚሁ ብሎ ራዩክ የሚባል ጠባቂ ኮንቴይነር አለው። ቴስቱ መሃል ላይ ቢሞት እንኳ ራዩክ የተረፈውን ለቅሞ ያጠፋል። ስሙ በዘፈቀደ ይውጣ፣ ፖርቱን ዶከር ራሱ ይምረጥ፣ ኢሜጁ ቢሮ ውስጥ ካለ ሬጂስትሪ (የኢሜጅ ማከማቻ) ይውረድ። የዘረዘርካቸው ጣጣዎች አብዛኞቹ እዚህ ያልቃሉ። የሚቀረው «5 ሰከንድ ተኛ» የሚለው ልማድ ነው። ሰርቪሱ እስኪነሳ በጭፍን መጠበቅ አያስፈልግም። በየግማሽ ሰከንዱ ጠይቀው፤ ሲነሳ ቀጥል፣ በ30 ሰከንድ ካልተነሳ ውደቅና ሎጉን አትም።

«እነሱ ፈትነውታል» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። እነሱ የፈተኑት የራሳቸውን ኮድ ነው። የኔ ስህተት የዶከር ስህተት አልነበረም፤ ዶከር የተባለውን በትክክል አድርጓል። የተሳሳትነው የኛ ኢሜጅና የዶከር ሕግ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ከእኛ ሌላ ቴስት የሚጽፍ የለም።

ሌላ ልጨምር። ዶከር ላይ ኮንቴይነር ሲወድቅ መልሶ የማስነሳት ፖሊሲ አለ። «ኦልዌይስ» እና «አንለስ ስቶፕድ» የሚባሉትን ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ አይደሉም። በእጅህ ያቆምከው ኮንቴይነር ፖሊሲው «ኦልዌይስ» ከሆነ ዴሞኑ (ከጀርባ የሚሮጠው የዶከር ዋና ፕሮግራም) ሲነሳ አብሮ ይነሳል። «አንለስ ስቶፕድ» ከሆነ ቆሞ ይቀራል። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ሰርቨር ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አሮጌውን ሰርቪስ አቁመህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ሌሊት መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ማሽኑ ይነሳል። ጠዋት አሮጌውና አዲሱ ሰርቪስ አንድ ዳታቤዝ ላይ አብረው ሲጽፉ ታገኛቸዋለህ። ይህንን የሚያውቅ ሞክ ጽፈሃል?

ተቃዋሚ፦

አልጻፍኩም። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እውነቴን ነው። ግን አንቺው ራስሽ ያመጣሽው ምሳሌ ምን እንደሚጠይቅ ተመልከቺ። ይህን ለመፈተን ዴሞኑን ራሱን ማጥፋትና ማስነሳት አለብሽ። የጋራ ማሽን ላይ ዴሞኑን መንካት ማለት የሌላውን ሰው ሥራ ሁሉ መንካት ነው። ዶከር ውስጥ ሌላ ዶከር አስነሳለሁ ካልሽ በተለምዶ ፕሪቪሌጅድ አድርገሽ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ሰፊ ሥልጣን ሰጥተሽ፣ ነው የምታስነሺው። የማሽኑን የዶከር ሶኬት (ዴሞኑ ትእዛዝ የሚቀበልበትን በር) ለቴስቱ እሰጠዋለሁ ካልሽ ደግሞ ቴስቱ ማሽኑ ላይ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) የሆነ ያህል ነው። የቴስት ኮድ እንደ ዋናው ኮድ በጥንቃቄ አይታይም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ፍጥነቱ ይቅር።

ደጋፊ፦

እዚህ ላይ እውነት አለህ። ሶኬት መስጠቱን እኔም አልወደውም። ለዴሞኑ ቴስት ቨርቹዋል ማሽን ይነሳ፣ ቴስቱ ይሩጥ፣ ማሽኑ ይጣል። ማንንም አይነካም። ቀስ ይላል፤ እሱን አልክድም።

ተቃዋሚ፦

ቀስ የሚል ከሆነ ሌሊት ይሩጥ። ጠዋት ቡና ስንጠጣ እናነበዋለን። ውሳኔ የሚፈትኑት በሞክ ይቆዩ፤ ኮድ በገባ ቁጥር የሚሮጡት እነሱ ብቻ ይሁኑ። በእውነተኛ ኮንቴይነር ላይ የሚሮጡት ደግሞ ቁጥራቸው በጣት የሚቆጠር ይሁን። አንዱ ሲወድቅ ሰው በስሙ የሚያውቀው መሆን አለበት። መቶ ከሆኑ ግን ማንም አያውቃቸውም።

ደጋፊ፦

በቁጥሩ ተስማማሁ። የማቆሙን ቴስት ግን ለሌሊት አልሰጥህም። ኢሜጁ ጤነኛ ከሆነ ኮንቴይነሩን ማቆም ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ አይፈጅም፤ 10 ሰከንድ የሚወስደው ሲበላሽ ነው። ዶከርፋይሉን (ኢሜጁ የሚሠራበትን መመሪያ) ወይ የማስነሻ ስክሪፕቱን የነካ ሰው ኮዱ ከመግባቱ በፊት ማወቅ አለበት። ጠዋት ሲነገረው ቨርዥኑ ወጥቶ ይሆናል።

ተቃዋሚ፦

እሱን አንዱን አስገቢው። ዴሞኑን የሚያስነሳው ግን በሌሊት፣ በራሱ ማሽን ላይ። ሌብሉን ራሴ አየዋለሁ።