በድሬ ፀሐይ የ6 ሰዓት ኳስ ይቅርብን

ድሬዳዋ ውስጥ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቱታ ለብሶ የሚሮጥ ሰው ካያችሁ ጤናውን የሚጠብቅ ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ካያችሁት ግን ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የሚያሳድደው አለ። ቀልዷን የማውቃት ራሴ ላይ ስለተቀለደች ነው።

ከአዲስ አበባ በተመለስኩ ማግስት ነበር። ወሩ ግንቦት። እዚያ ስሮጥ ስለከረምኩ ልቤ አብጧል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ከዚያ ወርዶ ለሚሮጥ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም። ያታለለኝም እሱ ነው። ሳንባዬ «ቀጥል» ይለኛል፣ ገላዬ ግን ይግላል። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ስደርስ ዛፍ ሥር ተዘረርኩ። የማወራው አይያያዝም። አንዲት ሻይ የሚሸጡ እናት ጀሪካናቸውን አንስተው ውሃውን ከራሴ እስከ እግሬ አፈሰሱብኝ። «አቦ፣ ፀሐይን በሩጫ ልትቀድማት ነው?» አሉኝ።

ሴትዮዋ ያደረጉት ትክክል ነበር። ሙቀት የመታው ሰው መቀባጠር ከጀመረ ጥላ ሥር አስገብቶ ገላውን በውሃ ማቀዝቀዝ፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ መጋት ያንቀዋል። ሰውነት ደግሞ ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እኔ አንድ ቀን እንኳ አልሰጠሁትም።

ይህን ስናገር ጓደኞቼ «ታዲያ አርፈህ በርጫህን አትቀመጥም?» ይሉኛል። አልስማማም። ድሬ ላይ ዓመቱን ሙሉ መንቀሳቀስ ይቻላል፣ ሰዓቱን ካወቁበት። አባቶቻችን ያውቁበት ነበር። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሽርጥ ይታጠቃል፣ ጋደም ይባላል። ከተማው እንደገና የሚነሳው ፀሐይ ስትበርድ ነው።

የሚያናድደኝ ይህን ረስተን በግንቦትና በሰኔ፣ ያውም በ6 ሰዓት፣ ለተማሪዎች የኳስ ውድድር ማዘጋጀታችን ነው። አዘጋጆቹ ድንኳን ሥር የታሸገ ውሃ ይጠጣሉ። ልጆቹ አናታቸው ላይ ፀሐይ ተሸክመው ይሮጣሉ። ውድድሩን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መጀመር ምን ይከብዳል? ካልሆነም ከ11 ሰዓት በኋላ። ሐረሮች ቀትር ላይ ቢጫወቱ ይቀላቸዋል፤ እነሱ ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው። የእነሱን ፕሮግራም ገልብጠን እዚህ ማውረድ ግን አያዋጣንም።

ክረምት ሲገባ ሌላ ጣጣ አለ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ የሚባሉት የትኩሳት በሽታዎች ከተማዋን አንኳኩተዋል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና ወደ ማታ። ከፀሐይ ሸሽተን የምንወጣበት ሰዓት መሆኑ ነው! ስለዚህ በክረምት እጅጌው ረጅም፣ ስስ ልብስ ይሻላል። ግቢ ውስጥ ያለውን የውሃ በርሜልም ትንኟ እንዳትራባበት መክደን ነው።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ነው። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ እኔም ሮጬበታለሁ። አሸዋው ለጉልበት ይመቻል። ችግሩ ጎርፉ ከድሬ ሰማይ አለመምጣቱ ነው። ዝናቡ ከከተማው በላይ ያለው ተራራ፣ ደንገጎ ላይ ይጥላል፣ ውሃው እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ያኔ ያልተወለዱት ናቸው ዛሬ አሸዋው ላይ ኳስ የሚያንከባልሉት። ዳር ዳሩን ቢያንስ ማስጠንቀቂያ መትከል፣ በክረምት ደግሞ ለልጆቹ ሌላ ሜዳ መስጠት የከተማው ሥራ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ ድልድዩ አጠገብ ቆመው ከዘራቸውን ሲያወናጭፉ አየሁ። እኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ደንገጎ ግን ጠቁሯል። «ውጡ!» ይላሉ።

«አባባ፣ ሁለት ለሁለት ነን እኮ!»

«እዚህ ላይ ወጥታችሁ በፍጹም ቅጣት ምት ተለያዩ!»

ልጆቹ እያጉረመረሙ የጎላቸውን ድንጋይ ተሸክመው ወጡ። ያን ቀን ጎርፍ አልመጣም። ሽማግሌው ላይ ሲያሾፉ አመሹ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።