ካሜራ ያነሳው ክርክር

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የካሜራን ታሪክ ራሱን በቻለ ትምህርት ሊማሩ ይገባል። የሚደግፉት የታሪክ መምህር ናቸው። የሚቃወሙት ደግሞ በፎቶ ሥራ የሚተዳደሩ ባለሙያ ናቸው። በየተራ ጽፈዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ

ተማሪዎቻችን ቀኑን ሙሉ ከእጃቸው የማይለዩትን ዕቃ ታሪክ ሳያውቁ ይመረቃሉ። የእንፋሎት ሞተርን እናስተምራለን። የማተሚያ መሣሪያን እናስተምራለን። ካሜራ ግን የለም። አለ ከተባለም በፊዚክስ መጽሐፍ፣ የሌንስ ምዕራፍ ማለቂያ ላይ፣ አስተማሪው «ይህን ራሳችሁ አንብቡት» ብሎ የሚያልፋት አንዲት ሥዕል ናት።

ያስቆጫል። ኢብን አል-ሀይሰም ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ስለዚህ ነገር ጽፏል። በግርዶሽ ጊዜ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ቦታ የሚገባ ብርሃን የፀሐይዋን ቅርጽ ይዞ ይመጣል ብሎ። ምስሉ ነበረ ማለት ነው። የጠፋው ይዞ የሚያስቀረው ነገር ነው። እሱ እስኪገኝ ስምንት መቶ ዓመት አለፈ። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 የቆርቆሮ ቅይጥ ሰሌዳ ላይ ሬንጅ መሳይ ነገር ቀብቶ፣ ካሜራው ውስጥ ከትቶ፣ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ አዞረው። ሰሌዳው እዚያው ለረጅም ሰዓታት ቆየ። ብርሃን ያገኘው ሬንጅ ጠነከረ፤ ያላገኘው ታጥቦ ሄደ። የጣሪያና የግንብ ጥላ መሳይ ነገር ቀረ። ዛሬ በእጃችን ካሉት በካሜራ ከተነሱ ፎቶዎች ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ከዚያ ሌላው ፈረንሳዊ ዳጌር መጣ። በ1838 ከፓሪስ ፎቅ ላይ ሆኖ አንድ ሰፊ ጎዳና አነሳ። ያን ፎቶ ለተማሪ አሳዩት። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሰው የለም፣ ጋሪ የለም። ግን በጠራራ ፀሐይ ፓሪስ ጭር አትልም። ሰሌዳው ምስል ለመያዝ ደቂቃዎች ስለሚፈልግ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ሳይቀረጽ ቀረ። ከታች በግራ በኩል ግን አንድ ሰው አለ። እግሩን ከፍ አድርጎ ጫማውን ያስጠርጋል። ባለበት ስለቆመ ብቻ በዓለም የፎቶ ታሪክ ውስጥ ገባ። ይህን ያየ ልጅ «ፎቶ ያለውን ሁሉ ያሳያል» አይልም።

ነገሩን ላሳጥረው። የካሜራን ታሪክ የማያውቅ ሰው ፎቶ አያነሳም፤ ቁልፍ ይጫናል እንጂ።

ፎቶ አንሺዋ

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የመጨረሻዋን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። «ቁልፍ ይጫናል።» እኔ ሥራውን የጀመርኩት ቁልፍ በመጫን ነው። ኒየፕስ የሚባል ሰው መኖሩን የሰማሁት ከስንት ዘመን በኋላ ነው። እስከዚያ ያነሳኋቸው ሰዎች ፎቷቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። ልደውልላቸውና «አውርዱት፣ ፎቶ አይደለም፣ ለካ ቁልፍ ስጫን ነበር» ልበላቸው?

ደግሞ የናቋት ቁልፍ ቀላል ነገር አይደለችም። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ኮዳክን ሲያወጣ ካሜራው 100 ፎቶ የሚያነሳ ፊልም ውስጡ ተገጥሞለት ነበር የሚሸጠው። ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይላካል። ፎቶዎቹ ታጥበውና ታትመው፣ ካሜራውም አዲስ ፊልም ጎርሶ ይመለሳል። ማስታወቂያው «እርስዎ ቁልፉን ይጫኑ፣ የቀረውን ለእኛ ይተዉት» ዓይነት ነበር። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የምትባለው የኮዳክ ካሜራ መጣች፤ ዋጋዋ አንድ ዶላር። ካሜራ ከባለጸጋና ከኬሚካል አዋቂ እጅ ወጥቶ ሕፃን እጅ የገባው በዚያች ቁልፍ ነው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት እንምጣ። እርስዎ ያሉት ትምህርት ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ይታየኛል። 1826፣ 1839፣ 1888፤ ትክክለኛውን መልስ አክብቡ። ልጆቹ ሸምድደው፣ ተፈትነው፣ በማግስቱ ይረሱታል። ክፍለ ጊዜያቸው እንደሆነ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሚጨመረው ከየትኛው ተቀንሶ ነው? ካሜራን የሚያስተምረው ብርሃን ነው። ብርሃን ደግሞ ሰው አይመርጥም፣ ታሪክም አይጠይቅም።

መምህሩ

ታሪክ አያስፈልግም ለማለት 1888ን፣ ኢስትማንንና ብራውኒን ጠሩልኝ። ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከእኔ ወገን እንዲህ አድርጎ የተከራከረልኝ ሰው የለም።

«ብርሃን ሰው አይመርጥም» ላሏት ግን ዝም አልልም። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ናት። በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ ካርድ» ተባለ። አጣቢው የሰው ቆዳ መልክ «ልክ ነው» የሚለው የሸርሊን ሲመስል ነው። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አንድ ላይ የተነሱበትን የዚያን ዘመን የክፍል ፎቶ ያስቡት። የአንዱ ጠቃጠቆ ሳይቀር ይታያል፤ የሌላው ፊት ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እና ፊልሙ በምን ተሻሻለ? በኮዳክ የሠሩ ሰዎች እንደተናገሩት፣ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ነው። ቡናማው ከቡናማው አልለይ አለን አሉ። የሰው ፊት ጠፋ ሲባል ያልተሰማው አቤቱታ ለቸኮላትና ለወንበር ሲሆን ተሰማ።

ፈጣን ፎቶ የሚያወጣ ካሜራ አምራቹን ፖላሮይድንም ልጨምር። ካሮላይን ሀንተርና ኬን ዊልያምስ የሚባሉ ሁለት ሠራተኞች በ1970 ተቃውሞ አስነሱ። የድርጅታቸው ፈጣን ፎቶ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ተገድደው ለሚይዙት የይለፍ ደብተር እንደሚያገለግል ደርሰውበት ነው። ድርጅቱ በ1977 ከዚያ አገር ወጣ።

ብርሃን አይመርጥ ይሆናል፤ ፊልሙን የቀመረው ሰው ግን መርጧል። ይህን ሌንስ አይናገርም። መምህር ነው የሚናገረው። ካርቶን ቀድዶ መጫወት ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ይሁን።

ፎቶ አንሺዋ

አሁን ደግሞ «መጫወት» ሆነ። ቅድም ቁልፍ ተጫኝ ነበርኩ፤ ዛሬ ካርቶን ቀዳጅ። ካርቶን የሚል ቃል ደግሞ ከአፌ አልወጣም፤ እርስዎ ናቸው ያመጡት። ይሁን፣ ካመጡት አይቀር ከካርቶን ካሜራ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎት።

ካርቶኑ ውስጡን ጥቁር ይቀባል። ከጣሳ የተቆረጠች ስስ ብረት በመርፌ ትበሳና ፊት ለፊቱ ትለጠፋለች። ቀዳዳዋ ከሰፋች ምስሉ ይደበዝዛል። ከልክ በላይ ከጠበበችም ይደበዝዛል፤ ለምን እንደሆነ የፊዚክስ አስተማሪውን ይጠይቁ፣ ደስ ይለዋል። ቀዳዳው በፕላስተር ይሸፈንና ጨለማ ክፍል ውስጥ የፎቶ ወረቀት ይገባል። ከዚያ ፀሐይ ላይ፣ ፕላስተሩን ገለጥ፣ ጠብቅ፣ ሸፍን። ሌንስ የለም። ያቺ የናቋት ቁልፍም የለችም።

ቀይ መብራት ሥር ወረቀቱ ኬሚካሉ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ምንም የለም። ልጆቹ «ተበላሽቷል» ይላሉ። ከዚያ ጠርዙ ይጠቁራል። ግቢው ቀስ እያለ ይመጣል፤ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሰማዩ ጥቁር፣ የዛፉ ጥላ ነጭ። አንዷ ልጅ «ይህን ሌላ ወረቀት ላይ አድርገን ብርሃን ብናሳልፍበትስ?» ትላለች። በቃ! እንግሊዛዊው ታልቦት በ1835 በቤቱ መስኮት የቴምብር ስፋት ባላት ወረቀት የጀመረው መንገድ ይኸው ነው። የዳጌር ሰሌዳ አንድ ነው፤ ቅጂ የለውም። ከአንድ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ከተገላቢጦሹ ምስል ግን የፈለጉትን ያህል ይታተማል። ይህ ሁሉ ታልቦትን በስሙ ሳልጠራላቸው ይገባቸዋል።

እኔ ታሪክ አይማሩ አላልኩም። እጅ ይቅደም ነው ያልኩት። የጠየቅሁት ጥያቄም ሳይመለስ ተቀምጧል፤ ከየትኛው ክፍለ ጊዜ ይቀነስ?

ስለ ሸርሊ አንብቤያለሁ።

መምህሩ

«አላልኩም» አሉ። «ታሪክም አይጠይቅም» ያለው ታዲያ ማን ነው? ብርሃኑ?

ቁልፍ ስለመጫን የተናገርኩትም ያለ ቦታው እየተወሰደብኝ ነው። ለተማሪ ነው ያልኩት እንጂ ለእርስዎ አልነበረም።

የርስዎ ካርቶን የማያስተምረው አንድ ነገር አለ። ውሸት። ዛሬ ልጆቹ በኮምፒውተር የተፈበረከ ፊት እያዩ «ፎቶ እኮ አለ!» ብለው ይማላሉ። ይህ ትናንት የመጣ ጉድ ይመስላቸዋል። ኢፖሊት ባያርን ግን የሚያውቀው የለም።

ባያር በ1839 በቀጥታ ወረቀት ላይ ፎቶ የሚያወጣ የራሱ ዘዴ ነበረው። በሰኔ ወር ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳይቷል። የዳጌር አሠራር በዝርዝር ይፋ የሆነው እኮ በነሐሴ ነው! ነገር ግን ባለ ሥልጣኑ ሳይንቲስት አራጎ ከዳጌር ጎን ቆመ። መንግሥትም ለዳጌር የዕድሜ ልክ ጡረታ ቆረጠ። ባያር ምን አደረገ? በ1840 ራሱን ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንሶላ ላይ ደገፍ ብሎ አነሳ። ከጀርባው ጻፈበት፦ ይህ የምታዩት የባያር አስከሬን ነው፤ መንግሥት ለዳጌር ብዙ ሰጥቶ ለእሱ ምንም ባለማድረጉ ውሃ ገብቶ ሞተ። ሰውዬው የሞተው በ1887 ነው!

ፎቶ ለዓለም በታወጀ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዋሸ ማለት ነው። ያውም ተበድሎ፣ ተቆጥቶ፣ ቀልድ ጨምሮበት። በ1917 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ሁለት ልጆች ከወረቀት የቆረጧቸውን ባለ ክንፍ የተረት ፍጡራን ሣር ላይ በመርፌ ተክለው አነሱ። ሼርሎክ ሆምስን የፈጠረው ኮናን ዶይል ሳይቀር አመናቸው። ልጆቹ ዋናዎቹ ፎቶዎች የውሸት መሆናቸውን የተናዘዙት በ1980ዎቹ፣ አርጅተው ነው።

ይህን የሚያስተምረው የታሪክ መምህር ነው። ፈተና ላይም ይወጣል፤ ካልወጣ ማን ያጠናዋል?

ፎቶ አንሺዋ

«ለተማሪ ነው ያልኩት» ይላሉ። የጻፉት «የማያውቅ ሰው» ነው። እላይ አለ፣ ይመልከቱት።

ፈተናውም ወጣ፤ ፈርቼው የነበረው ይኸው ነው። ባያር በምርጫ ጥያቄ! «ውሃ ገብቶ የሞተው ፎቶ አንሺ ማነው? ሀ. ዳጌር ለ. ታልቦት ሐ. ባያር መ. መልሱ አልተሰጠም።» ደግሞ እኮ አልሞተም፤ ጎበዙ ተማሪ «መ» ብሎ ይሳሳታል።

ልጆቹ ውሸትን እንዲያውቁ ከፈለጉ ይዋሹ። ስልካቸውን ያውጡ። ምንም ማስዋቢያ ሳይነኩ፣ ቦታ በመምረጥ ብቻ፣ ባዶውን ክፍል ሙሉ ያስመስሉት። ጓደኛሞቹን የተጣሉ ያስመስሏቸው። ከዚያ ባያርን ያሳዩአቸው፤ እሱን ሲያዩ ወዲያው የሚያውቁት ሰው ይሆንባቸዋል። ያኔ ቢፈልጉ እርስዎ ያስተምሩ፣ ቢፈልጉ እኔ፤ ግድ የለኝም። ልጆቹ ሳይነኩት ግን አይሆንም።

ደግሞ ታሪክ ያድናል ካሉ ኮዳክን ይጠይቁልኝ። በ1975 ስቲቨን ሳሶን የሚባል ወጣት መሐንዲስ እዚያው ቤታቸው ዲጂታል ካሜራ ሠራላቸው። አንድ ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጃል። ጥራቱ ከአንድ ሜጋፒክሰል መቶኛው ነው። የካሜራን ታሪክ ከኮዳክ አለቆች በላይ የሚያውቅ በዓለም ነበረ? ታሪኩ እኮ እነሱው ነበሩ። በፊልማቸው ላይ ተኙ፤ በ2012 ኪሳራ አወጁ። ሁሉም ፈተናውን ያልፉ ነበር።

ጥያቄዬ ዛሬም ያው ነው። የትኛው ክፍለ ጊዜ ይቀነስ?

መምህሩ

የኮዳክ አለቆች ታሪክ አውቀው አልወደቁም፤ የገዛ ትርፋቸውን ላለመንካት ፈርተው ነው የወደቁት። እንዲህ ያለውን ልዩነት ማስረዳት ራሱ የታሪክ ትምህርት ሥራ ነው፤ ለልጆቹም የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ስማቸው በማይታወስ አለቆች ምክንያት ሳሶንን ለፍርድ ማቆምዎ ገርሞኛል። እርስዎም በሰውዬው ሥራ እንጀራዎን እየበሉ ነው።

ልጆቹ ይዋሹ ያሉትን ወድጄዋለሁ። እጠቀምበታለሁ፤ ከባያር በኋላ ግን እንጂ በፊት አይደለም። መጀመሪያ ሰውዬውን ይወቁት።

ስለ ቁልፉ ያልኩትን ብዬዋለሁ፤ ተመልሼ አልገባበትም። የክፍለ ጊዜውን ነገር በተመለከተ፣ እሱ የርእሰ መምህሩ ጉዳይ ነው።