ሐምሌ በሁለት ተራራ

«ከፍታው አይከብድህም?»

እዚህ አሜሪካ፣ ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ የምጭነው እንግዳ ሁሉ ገና ቀበቶውን ሳያስር ይህንን ይጠይቀኛል። ሥራዬ ቫን እየነዳሁ ሰው ተራራ ላይ ማድረስ ነው። ብዙ ጊዜ የምሄደው ቬይል ወደሚባል የበረዶ ሸርተቴ ከተማ ነው። ከዴንቨር በስተምዕራብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንገዱ ላይ የአይዘንሃወር ዋሻ አለ። 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተራራውን በስቶ የሚያልፍ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ዋሻ ነው። ጣርማ በርን የሚያውቅ ሰው እዚያ ሲደርስ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እንግዶቼ ግን ጆሯቸው ስለሚደፈን ማስቲካ ያኝካሉ።

ሆቴል ሲደርሱ ደግሞ ምክር ይጠብቃቸዋል። ውሃ በደንብ ጠጡ፣ መጠጥ ቀንሱ፣ የመጀመሪያውን ቀን ቀስ በሉ። ቬይል ከባሕር ወለል በላይ 2,480 ሜትር ገደማ ነው። እኔ ያደግኩት ላሊበላ ነው፤ እሱም ወደ 2,500 ሜትር። እናቴ በዚያ ከፍታ እንስራ አዝላ ዳገት ስትወጣ «ውሃ ጠጪ» ያላት ሰው አልነበረም። ውሃው ጀርባዋ ላይ ነበር።

ሁለቱ ከተሞች የሚመሳሰሉት በከፍታ ብቻ አይደለም። እንግዳ የሚጎርፍባቸው ወቅትም አንድ ነው። ታኅሣሥና ጥር። ቬይል በበረዶው፣ ላሊበላ በገናውና በጥምቀቱ። ሐምሌ ላይ ሁለቱም ባዶ መሆን ነበረባቸው። ላሊበላ ባዶ ይሆናል። ቬይል ግን ሆቴሉ ጢም ይላል። ሰባት ክረምት ስመላለስ አእምሮዬ ውስጥ የሚጉላላው ይኼ ነገር ነው።

ክረምት ስል ሐምሌን ማለቴ ነው። እዚህ ያለን አበሾች በዚህ ቃል ተቸግረናል። አንድ ቀን ባለቤቴ «ክረምቱ ሳያልቅ ልጆቹን ቬይል ውሰዳቸው» አለችኝ። ትንሹ ልጄ ያንን ሰምቶ፣ የምንኖርባት ኦሮራ በሙቀት እየተቀቀለች፣ ወፍራም ጃኬቱንና ጓንቱን አድርጎ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪው ክረምት ማለት «ዊንተር» ነው ብለውታል። ልክ ናቸው። እናቱም ልክ ናት።

ቬይል የቆየ ከተማ እንዳይመስላችሁ። ሸርተቴው የተከፈተው በዲሴምበር 1962 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በግ የሚግጥበት ሸለቆ ነበር። ፒት ሲበርት የሚባል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ውስጥ ሲዋጋ ክፉኛ የቆሰለ የተራራ ወታደር ነበር። ኧርል ኢተን የሚባል የአካባቢው ሰው ተራራውን አሳየው፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ አለቀ። ቤቱን ሁሉ የአልፕስ መንደር አስመስለው ሠሩት። ላሊበላ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ከዓለት ተፈለፈለ። ቬይል የታላቅ ወንድሜ እኩያ ነው።

የሸርተቴ ከተማ ጣጣው በረዶው ሲቀልጥ ነው። ሆቴሉ አለ፣ አልጋው አለ፣ አስተናጋጁ አለ። ሰው የለም። ስለዚህ ሰው የሚመጣበትን ምክንያት ቁጭ ብለው ፈጠሩ። በ1987 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ስም የሚጠራው ክፍት ቲያትር ተከፈተ። ሰውዬው ሸርተቴ ይወዱ ነበር፤ እዚያው አካባቢም ቤት ነበራቸው። በዚያው ሰሞን ብራቮ የሚባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ተጀመረ፤ የዳንሱም ተከተለ። የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐምሌ ቫዮሊኑን ሸክፎ ወደዚህ ተራራ ይወጣል። የፊላደልፊያውም፣ የዳላሱም ይመጣሉ። እሑድ እሑድ መንገዱ ተዘግቶ የገበሬ ገበያ ይሆናል። የተራራ ስፖርቱ አለ፣ የቢራው በዓል አለ። አንዱ ድንኳን ሳይነቀል ሌላው ይተከላል።

እንግዳ አድርሼ የመልሱን ሰዓት ስጠብቅ እኔም ገባ እላለሁ። ቲያትሩ ከፊት ጣራ ያለው ወንበር አለው፣ ከኋላ ተዳፋት ሣር። ጎኑ ክፍት ነው። ዛፉ ይታያል፣ ከአጠገቡ የሚወርደው ወንዝ ይሰማል። ወንበሩ ውድ ነው። የሣሩ ቲኬት በብዙ ይቀንሳል። እኔ የሣር ሰው ነኝ።

የመጀመሪያ ቀን የገባሁት ሲምፎኒ ነበር። ስለ ሲምፎኒ የማውቀው ነገር አልነበረም። ቫዮሊኑ፣ ከበሮው፣ መለከቱ አንድ ላይ ተነሥተው፣ ተራራውን አናውጠው ቀጥ አሉ። እኔ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ብቻዬን። ለካ ሲምፎኒ አራት ክፍል ኖሮታል፤ በክፍሎቹ መሀል አይጨበጨብም። ከፊቴ ያለው ሣር በሙሉ ዞሮ አየኝ። የሚገባበት ጉድጓድ የጠፋበት ሰው ሆንኩ። አጠገቤ ብርድ ልብስ አንጥፈው የተቀመጡ አሮጊት እጄን ነካ አደረጉና «እኔም ሁሌ ያምረኛል» አሉኝ። ታዲያ የሚያምርዎት ከሆነ ለምን አያጨበጭቡም? አልጠየቅኳቸውም።

እኛ ዘንድ ዝም ብሎ መስማት ስድብ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ገዝግዞ ገዝግዞ ሲያበቃ ቤቱ ጭጭ ቢል፣ ያ ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ግጥም ይቀበሉታል፣ «በለው!» ይሉታል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፉለታል። አንዳንዴም የሰጠው ሰው ራሱ ከአዝማሪው ብሶ መሀል ይገባል። እዚህ አድናቆት ተራ አለው። እስኪያልቅ ይጠበቃል።

ግን ሰዓታቸውን ልመስክርላቸው። 12 ሰዓት ከተባለ 12 ሰዓት ነው። አንድ ቀን የጫንኩት ባለ ፊት ወንበር ሰውዬ መንገድ ተዘጋግቶብን ዘገየ። ጫማው ብቻ የእኔን የወር ቤት ኪራይ ያወጣል። በሩ ላይ አቆሙት። እስከ እረፍቱ እንደ ተማሪ ቆሞ ጠበቀ። የእኛ ሰው ኮንሰርት ማታ አራት ሰዓት ተብሎ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እንደሚጀምር የማያውቅ አበሻ ካለ እጁን ያውጣ። ሰባት ሰዓት ላይ ሲጀምርም «ዛሬስ ቶሎ ጀመሩ» የሚል አይጠፋም።

እኔ በጣም የምወደው ግን የማክሰኞውን ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ነጻ ኮንሰርት አለ። ቲኬት የለ፣ ክራቫት የለ። ጊታርና ድራም ነው፤ ሰው መድረኩ ሥር ሄዶ ይጨፍራል። አንድ ማክሰኞ ዝናብ መጣ። የእነዚህ ተራሮች ሐምሌ ጠባዩ እንደ እኛው ነው። ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ጉብ ጉብ ይላል፣ ከዚያ ነጎድጓድ። ዶፉ ወረደ። ይበተናሉ ብዬ ስጠብቅ ሣሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቦርሳውን ከፍቶ የዝናብ ልብስ አወጣ። ማንም አልተነሣም። ባዶ እጁን የመጣው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ጎረምሳ ትልቅ የቆሻሻ ከረጢት ሰጠኝና አንገቱን ቀድጄ አጠለቅኩት። አፈሩ ሸተተኝ። ከብት ስጠብቅ የምለብሳትን ገሳ አስታወሰኝ። ገሳዋ ትበልጣለች፤ ላስቲክ ያልባል።

ላሊበላ ክረምት ላይ ጭር ይላል። መንገዱ ይጨቀያል፣ አስጎብኚው ቤቱ ይቀመጣል፣ ሆቴሉ የአልጋ ልብሱን አጣጥፎ ያስቀምጣል። በ2013 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ጦርነቱ ከደረሰ ወዲህማ ወቅት መለየቱም ቀረ፤ ገናውም እንደ ድሮው አልሆነም። የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም እዚህ ላይ ነው። ቬይሎች ባዶውን ወር ለመሙላት በዓል ፈጠሩ። እኛ ደግሞ እዚያው ባዶው ወር ውስጥ በዓል አለን። ማንም ያልፈጠረው፣ የማንንም በጀት ያልጠበቀ።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ሦስት ቀን ቆይቶ ፍልሰታ ይፈታል፤ ያኔ አሸንድዬ ይገባል። ሰቆጣ ሻደይ ይሉታል፣ ቆቦ ሶለል። ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ኩል ተኩለው፣ አሸንዳ የሚባለውን ረጅም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይወጣሉ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ቤት ለቤት። ከበሮ አላቸው። እህቴ ትንሽ ሳለች ቅጠሉ እንዳይጠወልግ ማታ ውሃ ትረጨው ነበር። ደጃፋችን ላይ ሲደርሱ እናቴ ያላትን ትሰጣለች፣ ትመርቃለች፣ ትንሽም ትሳለቃለች፤ «ያችኛዋ ድምፅዋ ከእናቷ ነው የወጣው» እያለች። ተመልካች የሚባል ሰው አልነበረም። ከበሮ የማይመታው ያጨበጭባል፣ የማያጨበጭበው በር ይከፍታል።

«ታዲያ መድረክ ሠርተን፣ ፕሮግራም አውጥተን ለምን ነሐሴን አንሞላውም?» የሚል አለ። እኔም ሳልለው አልቀረሁም። ከዚያ አንድ ዓመት የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝ። የት ከተማ እንደሆነ ልተወው። መድረክ አለ። የስፖንሰር ባነር አለ። ከፊት ለፊት ድንኳን ተጥሎ ሶፋ ተደርድሯል፤ ሶፋው ፊት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ። ሶፋው ባዶ ነው። ክቡር እንግዳው አልደረሱም። ልጃገረዶቹ ካፊያው ውስጥ ሹሩባቸውን በነጠላ ሸፍነው ቆመዋል። እናቶቻቸው ከገመድ ወዲያ ናቸው። የእህቴ ልጅ ከሥሩ የጻፈችው «ሁለት ሰዓት ቆመናል» ብቻ ነው።

ቬይልም የፊት ወንበሩ የባለገንዘብ ነው፤ አልዋሽም። ግን ሙዚቃው ለባለ ወንበሩ ብሎ አይቆምም። ከቬይል ውሰድ ብባል መድረኩንም መብራቱንም አልወስድም። ያንን በር ላይ የቆመ ዘበኛ እወስዳለሁ። አውቶቡሱንም እጨምራለሁ፤ ከተማ ውስጥ በነጻ ነው የሚመላለሰው፤ ሚሊየነሩም ሳህን አጣቢውም አንድ ላይ ይሳፈራሉ። ሽንት ቤቱን ደግሞ ሳልረሳ። በእኛ በዓላት ላይ አንዲት እናት ጠዋት ወጥታ ማታ እስክትመለስ ውሃ የማትጠጣው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አናወራውም እንጂ። የቆሻሻ በርሜሉ ይቅርብኝ። ድብ እንዳይከፍተው ተብሎ የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ ቀን እኔንም አስቸግሮኝ የሙዝ ልጣጭ ይዤ ስዞር ነበር።

ቬይል ላይ የሚጎድለውም አለ። ያ ሁሉ አልጋ የሚያነጥፍ፣ ሳህን የሚያጥብ፣ ድንኳን የሚተክል ሰው አብዛኛው ቬይል አይኖርም። አቅሙ አይፈቅድለትም። ሚሊዮን ዶላር የማይጠራበት ቤት ማግኘት ጭንቅ ነው። ከሌድቪል የሚመጡ አሉ። ሌድቪል 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የድሮ የማዕድን ከተማ ነው። ሌሊት ተነሥተው፣ ተራራ ተሻግረው፣ የእንግዳውን ቁርስ ያደርሳሉ። ኦርኬስትራው ሲጀምር እነሱ የመልሱን መንገድ ይዘዋል። «ከፍታው አይከብድህም?» የሚላቸው ያለ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ ከበሮውን የምትመታው ልጅና እንጀራውን የምትጋግረው ልጅ አንዷ ናት። ጋግራ ትወጣለች።

ያን ዝናባማ ማክሰኞ ከረጢቴን እንደለበስኩ በስልኬ ትንሽ ቀርጬ ለእህቴ ልኬ ነበር። እሁድ ስደውል ለእናቴ አሳይታታለች። ሙዚቃውን ምንም አላለችውም። ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም ዶፍ ውስጥ ሣር ላይ ቁጭ ብሎ ማየቷ ግን ከንክኗታል።

«ምነው ልጄ፣ የሚጠለሉበት ቤት አጡ?»

«ቤቱ ውድ ነው፣ እማዬ» አልኳት።